ለስታዲየሙ የተቆረጠው ቀን ለቤቱ አልተቆረጠም

ታላላቅ ውድድሮች ለነዋሪው ምን ተስፋ ይዘው ይመጣሉ? ምንስ ጥለው ይሄዳሉ?

ጁላይ 6 ቀን 2010 ምሽት በኬፕታውኑ ግሪን ፖይንት ስታዲየም ሆላንድና ኡራጓይ ለዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ለማለፍ ተፋጠጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ18ኛው ደቂቃ የሆላንዱ አምበል ጆቫኒ ቫን ብሮንክሆርስት ከሩቅ የለቀቃት ኳስ የግቡን ቋሚ ገጭታ መረብ ላይ አረፈች። ዲዬጎ ፎርላን አቻ ቢያደርግም ዌስሊ ስናይደርና አርየን ሮበን ጨምረው ሆላንድ 3ለ2 አሸንፋ ለፍፃሜ አለፈች። ያንን ጨዋታ በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ጎሏን ብቻ ሳይሆን ስታዲየሙንም አይረሳውም። ከጀርባው ገበታ የመሰለው ተራራ፣ ከፊቱ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ መሀል ላይ ነጭ ሳህን የሚመስል 64 ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ። ግንባታው በማርች 2007 ተጀምሮ በዲሴምበር 2009 አለቀ፤ 33 ወራት ማለት ነው። የወጣበት ገንዘብም ከ4 ቢሊዮን ራንድ በላይ ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስቶ ወደዚያ ስታዲየም የሚጓዝ እንግዳ ግን አስቀድሞ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። ኤን-2 የተባለው አውራ ጎዳና ወደ ከተማው ሲገባ በኬፕታውን ካሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ሁሉ ዕድሜ ጠገብ በሆነችው በላንጋ በኩል ያልፋል። እዚያው ከመንገዱ ጥግ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙ የቆርቆሮና የጣውላ ቤቶች ነበሩ። ሰፈሩ ጆ ስሎቮ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ የመጀመሪያው የቤቶች ሚኒስትር ከነበሩት ሰው ነው። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርበት ነበር።

የዚህ ሰፈር ነዋሪዎች በ2004 አዲስ ቤት ይሠራላችኋል ተባሉ። ፊፋ የዓለም ዋንጫውን ለደቡብ አፍሪካ የሰጠውም በዚያው ዓመት ሜይ 15 ቀን ነበር። ስታዲየሙ በተባለበት ቀን ደረሰ። ቤቱስ? የቤቱ ታሪክ ትንሽ ረዘም ይላል። ነገር ግን ትልቅ ውድድር ሲመጣ በነዋሪው ተስፋና ስጋት ላይ ምን እንደሚደርስ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአፍሪካ ምድር አይገኝም።

ስታዲየሙ የት ይሠራ?

ክርክሩ የጀመረው ገና ከቦታ መረጣው ነው። ኬፕታውን መጀመሪያ ካሰበቻቸው ቦታዎች አንዱ አትሎን ነበር። አትሎን "ኬፕ ፍላትስ" በሚባለው ሜዳማ ክፍል የሚገኝ የሠራተኛው ሰፈር ነው። በአፓርታይድ ዘመን ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ከመሀል ከተማ እየተነሱ የተጣሉት ወደዚሁ ሜዳ ነበር። እግር ኳስ የሚወደው፣ በየሳምንቱ ቲኬት ቆርጦ የሚገባው ሕዝብም እዚያ ነው ያለው። አዲስ ስታዲየም እዚያ ቢሠራ መንገድ፣ ባቡር፣ መብራትና ሥራ አብሮ ይመጣል የሚል ተስፋ ነበር። አትሎን ቤቱን የሚለቅበት ሳይሆን ቤቱ ዋጋ የሚያወጣበት ዕድል ታይቶት ነበር ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ የተመረጠው ግን ግሪን ፖይንት ሆነ። ለቴሌቪዥን ምስል ከግሪን ፖይንት የሚሻል አልነበረም። ውሳኔው አትሎን ሊያገኝ የነበረውን ሁሉ ከውቅያኖሱ ዳር ወዳሉት የባለፀጋ ሰፈሮች ወሰደው። አትሎን የራሱ አሮጌ ስታዲየም ታድሶለት የልምምድ ሜዳ ሆነ። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ትልቅ ውድድር የመንግሥትን ገንዘብ ወዴት እንደሚያስኬድ የሚወስነው የመጀመሪያው ፉጨት ከመሰማቱ ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ነዋሪው ገና ስለ ምድብ ድልድል እያወራ ነው።

የኤን-2 ተስፋ

"ኤን-2 ጌትዌይ" የተባለው የቤቶች ፕሮጀክት ሲታወጅ በጎዳናው ዳር ባሉ ሰፈሮች ከ20 ሺህ በላይ ቤቶች እንደሚሠሩ ተነገረ። የአገሪቱ አዲስ የቤቶች ፖሊሲ ማሳያ ሆኖም ቀረበ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ግሩም ነበር። የጨረቃ ቤቶቹ ፈርሰው በቦታቸው ደህና ቤት ይሠራል፤ ሰዉም ሥራውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ሳይለቅ ኑሮው ይሻሻላል። የነዋሪው ጥያቄም አንድ ብቻ ነበር። "ቤቶቹ ሲያልቁ እኛ ነን የምንገባባቸው?" መልሱ አዎ ነበር። ባለሥልጣናቱ ከሚሠሩት ቤቶች 70 በመቶው ለጆ ስሎቮ ሰዎች፣ 30 በመቶው ደግሞ በላንጋ በሰው ጓሮ ዛኒጋባ ቀልሰው ለሚኖሩ ተከራዮች ይሆናል አሉ። ይህች የ70 በመቶ ቁጥር ኋላ ላይ ትልቅ ሥራ ትሠራለችና ከወዲሁ ትያዝ።

በጃንዋሪ 2005 ከባድ የእሳት አደጋ በሰፈሩ ተነስቶ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያለመጠለያ አስቀረ። ከተቃጠለባቸው መካከል ብዙዎቹ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ዴልፍት ተወሰዱ። "ለጊዜው ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ ትመለሳላችሁ" ተብለው ነበር የሄዱት። በተቃጠለው ቦታ ላይም የመጀመሪያው ዙር 705 አፓርታማዎች ተሠሩ።

ቤቶቹ ሲያልቁ ኪራያቸው ተነገረ። ቀድሞ በወር ከ150 እስከ 300 ራንድ ይሆናል የተባለው ከ600 እስከ 1,050 ራንድ ሆኖ ተገኘ። በቀን ሥራ፣ በቤት ሠራተኝነትና በጉልት ንግድ ለሚተዳደር ሰው ይሄ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ የገቡት በአመዛኙ የሰፈሩ ሰዎች ሳይሆኑ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ የተሻለ ገቢ ያላቸው ተከራዮች ናቸው። ሁለተኛው ዙር ደግሞ በባንክ ብድር የሚገዛ ቤት ሆኖ መጣ። ደመወዝ በባንክ የማይገባለት ሰው ለብድር አይታጭም። ከዴልፍት እመለሳለሁ ብሎ ጓዙን እንኳ በቅጡ ያልፈታው ሰው መመለሻው ተዘጋ። በሰፈሩ የቀሩትም የዴልፍቶቹን አይተው ጠረጠሩ፤ ተነሱ ሲባሉ አንነሳም አሉ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2007 ነዋሪዎቹ ወጥተው ኤን-2 ጎዳናን ዘጉት፤ ፖሊስም በጎማ ጥይት በተናቸው።

ሰዎቹ አዲስ ቤት አልፈልግም አላሉም። ችግሩ ዴልፍት ነው። ከላንጋ ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ሥራ ፍለጋ በጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከዴልፍት ግን ሥራ ተገኘም አልተገኘም የታክሲው ሒሳብ የዕለት ገቢውን ይበላዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከመሀል ከተማ ተነስቶ ዳር የወጣ ቤተሰብ ይህን ሒሳብ ለማስረዳት ካልኩሌተር አያስፈልገውም።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ

ቤቶቹን እንዲያሠራ የተሾመው የመንግሥት ኩባንያ ቱቤሊሻ ሆምስ ነዋሪዎቹ ይነሱልኝ ብሎ ከሰሰ። በማርች 2008 የኬፕ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲነሱ ፈረደ። ነዋሪዎቹ ይግባኝ ብለው ጉዳዩ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ዘንድ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ጁን 10 ቀን 2009 ውሳኔውን ሰጠ። የዓለም ዋንጫው ሊጀመር የቀረው አንድ ዓመትና አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ውሳኔው ለነዋሪው በመጀመሪያ ሲሰማ ሽንፈት ይመስል ነበር፤ ይነሱ ይላልና። ዝርዝሩ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ፍርድ ቤቱ ማንም ሰው ከመነሳቱ በፊት መንግሥት ከነዋሪው ጋር በቅጡ እንዲመካከር አዘዘ። የሚወሰዱበት ጊዜያዊ ቤት 24 ካሬ ሜትር እንዲሆን፣ ውኃና መብራት እንዲኖረው በቁጥር ወሰነ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺን በየስብሰባው ስትነገር የነበረች የ70 በመቶ ተስፋ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አደረጋት። በጆ ስሎቮ ከሚሠሩት ቤቶች 70 በመቶው ለሰፈሩ ሰዎች፣ ቀድመው ወደ ዴልፍት ለተወሰዱትም ጭምር፣ መሰጠት አለበት አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የሚገርም ነው። የክልሉ ባለሥልጣናት 20 ሺህ ሰው አንስቶ፣ ጊዜያዊ ቤት ሠርቶ፣ በየጊዜው የምክክር ስብሰባ ጠርቶ፣ መልሶ ማስገባት ምን ያህል እንደሚፈጅ ሲያሰሉት ሒሳቡ አልመጣ አለ። እዚያው ባሉበት እየሠሩ ማሻሻል ይረክሳል የሚል ሐሳብ ከራሳቸው ከባለሥልጣናቱ ወገን መሰማት ጀመረ። ክሱን የመሠረተው ኩባንያም በገንዘብ ችግር ተሽመድምዶ እንዲዘጋ ተወሰነ። በመጨረሻም ማርች 31 ቀን 2011 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ይነሱ የሚለውን ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ አነሳው። የዓለም ዋንጫው ካለፈ ዘጠኝ ወር ሊሆነው ነው። ነዋሪዎቹ አልተነሱም፤ ቀጣዮቹ ቤቶችም እዚያው ሰፈር ውስጥ መሠራት ያዙ።

በእግር ኳስ ቋንቋ በባከነ ሰዓት የተገኘ ድል ነው ሊባል ይችላል። ግን ማን ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነዋሪው ያገኘው ተስፋው በቁጥር የተነገረ ስለነበረ ነው። "ብዙዎቻችሁ ቤት ታገኛላችሁ" ብቻ ቢባል ኖሮ ዳኛ ሊይዘው የሚችል ነገር አይኖርም ነበር። በአንፃሩ ኪራዩን በተመለከተ የተነገረው ዋጋ ማንንም ሳያስር ቀርቷል፤ ቤቶቹም ለሌላ ሰው ሆነዋል። ያው አንድ ፕሮጀክት፣ ያው አንድ ሰፈር፣ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች።

የቆርቆሮ ከተማ

ዕድሉ የጆ ስሎቮን ያህል ያልቀናቸውም አሉ። በዲሴምበር 2007 በዴልፍት በሰው ጓሮ ተከራይተው ሲኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ያላለቁ የኤን-2 ጌትዌይ ቤቶችን ሰብረው ገቡ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር። እነሱ ለዓመታት ተራ ሲጠብቁ ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ዓይናቸው እያየ ሊገባባቸው ነው። በፌብሩዋሪ 2008 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተባረሩ። ከእነሱ መካከል ከፊሉ ሲምፎኒ ዌይ በተባለው መንገድ ዳር ዳስ ጥለው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ኖሩ። በ2009 መገባደጃ ላይ፣ ዋንጫው ወራት ሲቀሩት፣ ከመንገዱ ተነስተው ብሊኪስዶርፕ ወደተባለ ጊዜያዊ ሰፈር ተወሰዱ።

ብሊኪስዶርፕ በአፍሪካንስ ቋንቋ "የቆርቆሮ መንደር" እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሕዝቡ ነው። በረድፍ የተደረደሩ አንድ ዓይነት የቆርቆሮ ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው 18 ካሬ ሜትር፣ ለአራት ቤት አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቧንቧ። ኳሱ ሲቃረብ በጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎችም ከመሀል ከተማ እየተነሱ ወደዚያ ይወሰዳሉ የሚል ክስ ከነዋሪዎችና ከመብት ተከራካሪዎች ተሰማ፤ የዓለም ጋዜጦችም ጻፉት። የከተማው አስተዳደር በበኩሉ ሰፈሩ የተሠራው ቤት ለሌላቸው ማረፊያ እንዲሆን እንጂ ድሃን ከቱሪስት ለመደበቅ አይደለም ሲል አስተባበለ። ያም ሆነ ይህ ለጥቂት ወራት ተብለው የገቡ ሰዎች ዓመታት ቆጠሩበት። "ጊዜያዊ" የተባለው ቃል የማብቂያ ቀን አልተጻፈለትም።

ጥፋቱ የዓለም ዋንጫው ነው?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። የኬፕታውን የቤት ችግር በፊፋ አልተጀመረም። በ1950 የወጣው ሕግ ሰውን በዘር እየለየ የሚኖርበትን ሰፈር ወሰነ። ዲስትሪክት 6 ከተባለው የመሀል ከተማ ሰፈር ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተነስቷል። ዋንጫው ቢመጣም ባይመጣም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤት ይጠብቁ ነበር። የደቡብ አፍሪካ መንግሥትም ከ1994 ወዲህ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤቶች መሠራታቸውን ይገልጻል፤ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ኤን-2 ጌትዌይም ለዓለም ዋንጫ ተብሎ የተነደፈ አይደለም ይላል።

ታዲያ ዋንጫው ምን አመጣ? ያመጣው ቀን ነው። ጁን 11 ቀን 2010 የማይገፋ ቀን ነው። ስታዲየሙ ካልደረሰ ፊፋ አለ፣ ተቋራጩ ቅጣት አለበት፣ የአገር ስም አለ። ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ ገንዘብም ሠራተኛም ያገኛል። ከዚያ ቀን ጋር ያልተያያዘ ነገር ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የመንገድ ዳር ሰፈር እንግዳ ከመምጣቱ በፊት እንዲነሳ ይፈለጋል፤ የተነሳው ሰው የሚገባበት ቤት ግን እንግዳው ከሄደ በኋላ ቢያልቅም ማንም አይቀጣም። "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚባለው ዓይነት ጥድፊያ ሲመጣ የሚቀነጠሰው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

የኔልስፕሩት ከተማ ነገርም ይኸው ነው። አራት የምድብ ጨዋታዎች ብቻ የተደረጉበት የምቦምቤላ ስታዲየም ሲሠራ በአካባቢው የነበሩ ትምህርት ቤቶች ቦታ ለግንባታው ተፈለገ። ተማሪዎቹ ወደ ጊዜያዊ ተገጣጣሚ ክፍሎች ተዛወሩ፤ አዲስ ትምህርት ቤት የተባለው ስለዘገየ ወላጅና ተማሪ ሰልፍ ወጣ። የቀጭኔ አንገት የሚመስሉት የስታዲየሙ ምሰሶዎች ግን በጊዜያቸው ቆሙ።

አከራዮቹም ተስፋ ነበራቸው

የዋንጫ ተስፋ የድሃው ብቻ አልነበረም። በኬፕታውንና በጆሃንስበርግ ቤት ያላቸው ብዙ ሰዎች ለአንድ ወር ቤታቸውን ለእንግዳ አከራይተው የዓመት ገቢ ለማግኘት አስበው ነበር። ክፍል ያደሱ፣ በብድር ተጨማሪ ቤት የሠሩ ነበሩ። ለፊፋ የማረፊያ ሥራውን የያዘው ማች የተባለ ኩባንያም አስቀድሞ ይዟቸው ከነበሩት ክፍሎች ብዙዎቹን ከውድድሩ በፊት መለሰ። ከውድድሩ በኋላ በይፋ እንደተገለጸው ለዋንጫው ብለው የመጡት የውጭ እንግዶች 309,554 ናቸው። ቀደም ሲል ሲነገር ከነበረው ግምት በጣም ያነሰ ነው። ብድሩ ግን እንደ እንግዳው አልቀነሰም።

ሌሎች ከተሞች ምን ሆኑ?

ኬፕታውን የተለየች አይደለችም። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገ የቤት መብት ድርጅት በ2007 ባወጣው ጥናት ለ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ዝግጅት 720 ሺህ ሰው ከቤቱ እንዲነሳ መደረጉን ገልጿል። በባርሴሎና ኦሊምፒኩ ከተማዋን አሳምሯታል፤ የባሕሩ ዳርም ለሕዝብ ተከፍቷል። ነገር ግን ውድድሩ ከተሰጣት ከ1986 እስከ 1992 ድረስ የቤት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። እዚያ ዶዘር ሳይመጣ የሰፈሩን ልጅ ኪራይ አስወጣው። በአትላንታ ደግሞ በ1936 የተሠራውና በአሜሪካ የመጀመሪያው የመንግሥት ኪራይ ቤቶች መንደር የነበረው ቴክውድ ከ1996ቱ ኦሊምፒክ በፊት ፈረሰ። በምትኩ ገቢያቸው የተቀላቀለ ነዋሪዎች የሚኖሩበት አዲስ መንደር ተተካ፤ ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች የተመለሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ለንደን በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ትሻላለች። የ2012ቱ የአትሌቶች መንደር ከጨዋታው በኋላ 2,818 መኖሪያ ቤቶች ሆኗል፤ ግማሽ ያህሉም ከገበያ ዋጋ ባነሰ ኪራይ እንዲሰጥ ተደርጓል። የጨዋታው ሰነድ ከመፈረሙ በፊት የቤቶቹ ቀጣይ ዕጣ መታሰቡ ጠቅሟል። እንዲያም ሆኖ ለፓርኩ ሲባል ክሌይስ ሌን የተባለው የጋራ መኖሪያ መንደር በ2007 ተነስቷል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቹም ያንን የመሰለ ርካሽ ቤትና አብሮ የመኖር ወግ መልሰው አላገኙም።

የሪዮ ዴ ጄኔሮ ታሪክ ከጆ ስሎቮ ጋር ይመሳሰላል። ቪላ አውቶድሮሞ ዓሣ አጥማጆች የመሠረቱት ሰፈር ነው፤ የ2016ቱ የኦሊምፒክ ፓርክ አጠገቡ ላይ መጣበት። 600 ያህል ቤተሰቦች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በ1990ዎቹ ከክልሉ መንግሥት የተሰጠ የመኖሪያ መብት ሰነድ በእጃቸው ነበር። ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ሰፈሩ ሳይፈርስ የሚሻሻልበትን የራሳቸውን ፕላን አወጡ፤ ፕላኑም በ2013 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። አስተዳደሩ ግን አንድ በአንድ እየጠራ ተደራደረ። አንዱ በአቅራቢያው በተሠራ አፓርታማ፣ ሌላው በካሳ ወጣ። ቆይቶ የተደራደረ ከቀደመው የበለጠ ያገኘበት ጊዜም ስለነበረ ጎረቤት በጎረቤቱ ተቀያየመ። በመጨረሻ የቀሩት 20 ቤተሰቦች ናቸው። ኦሊምፒኩ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው እዚያው ቦታ ላይ 20 ትንንሽ ነጫጭ ቤቶች ተሠርተው ተሰጧቸው። በዚያው ከተማ ለአትሌቶች ተብለው የተሠሩት 3,604 ቅንጡ አፓርታማዎች ግን ከጨዋታው በኋላ አብዛኞቹ ገዥ አጥተው ተዘግተው ቀሩ።

ከእነዚህ ከተሞች የሚገኘው ትምህርት ስታዲየም አይሠራ ወይም ውድድር አይዘጋጅ የሚል አይደለም። ኢትዮጵያ ራሷ በ1962፣ በ1968 እና በ1976 የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታለች፤ አንጋፋ ደጋፊዎች ያንን ዘመን ዛሬም በናፍቆት ያነሱታል። ትምህርቱ ሌላ ነው። ትልቅ ውድድር ሲመጣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ይፈጠራል። ቤት አገኛለሁ የሚል፣ ቤቴን አጣለሁ የሚልና ቤቴ ዋጋ ያወጣል የሚል። ሦስቱም ኑሯቸውን በዚያ ተስፋ ወይም ስጋት ላይ ይመሠርታሉ። አንዱ ጣሪያው ቢያፈስም አያድሰውም፤ ይፈርሳላ! ሌላው ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ አለማስመዝገቡን መወሰን ያቅተዋል። ሦስተኛው ይበደራል። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ የጠበቀ ሰው ይህን ስሜት በደንብ ያውቀዋል። ባይነሱ እንኳ የመጠበቁ ዓመታት ራሳቸው ኪሳራ ናቸው።

ቀጣዩ ተራ

በሴፕቴምበር 2023 ካፍ የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ሰጥቷል። ሞሮኮ የ2030ን የዓለም ዋንጫ ከስፔንና ከፖርቱጋል ጋር እንድታዘጋጅ ተመርጣለች፤ በካዛብላንካ አቅራቢያ 115 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም የመሥራት ዕቅድም ይዛለች። በሴፕቴምበር 2025 የሞሮኮ ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ስታዲየሙ አለ፣ ሆስፒታሉስ የት አለ ብለው ጠይቀዋል። አዲስ አበባም ከ60 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘውን የአደይ አበባ ስታዲየም መገንባት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ጉዳዩ ከእንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሕጉም ቢሆን እንደ 2010 ባዶ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የቤት መብት ልዩ ራፖርተር ራኬል ሮልኒክ ልክ በዚያው የደቡብ አፍሪካ ዋንጫ ዓመት ስለታላላቅ ውድድሮችና ስለ ቤት ለሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ሪፖርት አቅርበዋል። ፊፋ በ2017 የሰብዓዊ መብት ፖሊሲ አውጥቷል፤ ከ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ጀምሮም አዘጋጅ ለመሆን የሚወዳደር አገር ይህን በተመለከተ ዕቅዱን በሰነዱ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። የሚቀረው ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፋል የሚለው ነው።

ከጆ ስሎቮ የተገኘው መልስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ውድድር ሊያዘጋጅ የሚነሳ ከተማ ለሚነሳው ሰው አራት ነገሮችን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ሊመልስ ይገባል። አንደኛ፣ የሚሄድበት ቦታ አሁን ካለበት ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ትራንስፖርቱስ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ አዲሱ ቤት ሲያልቅ ኪራዩ ወይም ክፍያው ስንት ይሆናል? ሦስተኛ፣ ከሚሠሩት ቤቶች ስንት በመቶው ለእሱ ሰፈር ሰዎች ነው? አራተኛ፣ ጊዜያዊ የተባለው ማረፊያ በየትኛው ቀን ያበቃል፣ ካላበቃስ ማን ይጠየቃል? በኬፕታውን ከአራቱ ውስጥ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሆኖ ፍርድ ቤት ድረስ የዘለቀው ሦስተኛው ነበር፤ ሰፈሩን ያተረፈውም እሱው ነው። ሁለተኛው ተነግሮ ሳይጠበቅ ቀረ፤ 705ቱ አፓርታማዎች ለሌላ ሰው ሆኑ። አራተኛው ጭራሽ ስላልተነገረ ብሊኪስዶርፕ ተፈጠረ።

የእግር ኳስ ደጋፊው በዚህ ጉዳይ ከዳር የሚቆም ተመልካች መሆን የለበትም። በየቀበሌው፣ በየታክሲውና በየካፌው አገራችን ታዘጋጅ ብሎ የሚከራከረው እሱ ነው፤ የሚነሳውም ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ወይም ጎረቤቱ ነው። የስታዲየሙ ዲዛይን ይፋ ሲሆን ስንት ወንበር አለው ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ በቦታው ላይ የነበሩት ሰዎች የት ገቡ ብሎ መጠየቅም ድርሻው ነው። ለስታዲየሙ ርክክብ ቀን የሚቆርጠው አዘጋጅ ኮሚቴም ለቤቶቹ ርክክብ በዚያው ሰነድ፣ በዚያው ፊርማ ቀን እንዲቆርጥ መገደድ አለበት።